ቀይዋ ጅምር

ገርጂ ውስጥ ፈዲላን የማያውቅ ካለ ለሰፈሩ እንግዳ ነው። ባሏ ሰይድ ከኢምፔሪያል ወደ ውስጥ በሚያስገባው ኮረኮንች ላይ ስኳርና ሳሙና ይቸረችራል፤ እሷ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ሹራብ ትሠራለች። አልጋው ሥር ክር፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ክር፣ የድስት መደርደሪያው ውስጥ ሳይቀር ክር ነበር። ሰይድ ነገር ሲያምረው «ሰው ሚስት ያገባል፣ እኔ በግ አግብቼ ሱፍ ውስጥ እተኛለሁ» ይላል። እሷም አፏን አትይዝለትም፤ ስኳሩ የሚሸጠው እሷ ዘንድ የሚመጡት ሴቶች በሱቁ በር ስለሚያልፉ መሆኑን ታስታውሰዋለች።

የሥራ ጓደኛዋ አስመረት ነበረች። ቤታቸው ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ አንዷ ከወሎ የመጣች ሙስሊም፣ ሌላዋ አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ክርስቲያን። አስመረትና የከባድ መኪና ሾፌሩ ባሏ ዘርአይ ልጅ አልነበራቸውም። ለምን እንደሌላቸው ፈዲላ ጠይቃ አታውቅም። እንዲህ ያለውን ነገር ባለቤቷ ካላነሳችው ጎረቤት አያነሳውም፤ ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይታለፋል።

ሁለቱም ክራቸውን የሚያገኙት ከሰልባጅ ነው። መርካቶ ወርደው ከክምሩ ውስጥ የፈረንጅ ሹራብ ሲመርጡ መልኩን አያዩም፤ ገልብጠው ስፌቱን ነው የሚያዩት። ተቆርጦ በማሽን የተሰፋ ከሆነ ሲፈታ ክሩ ቁርጥራጭ ስለሚሆን መልሰው ይወረውሩታል። በእጅ የተሠራውን ግን ይዘው ይመጡና አንዷ ጫፉን ስባ ስትፈታ ሌላዋ ትጠቀልላለች። ከዚያ አጥበው፣ የወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥመው፣ ክሩ እስኪቃና ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። የሰልባጅ ነጋዴዋ በዋጋ ካሸነፈቻቸው ሲስቁ፣ እነሱ ካሸነፏት ደግሞ የባሰ ሲስቁ ስንት ዓመት ኖሩ። ለእነሱ ማንኛውም አሮጌ ሹራብ ገና ያልተፈታ ክር ነበር።

በዘጠና ዓመተ ምሕረት ክረምት ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ መጣ፤ ጦርነቱም የጎረቤት ግድግዳ አያከብርም። አንድ ጠዋት ፈዲላ ዝናቡ ጋብ አለ ብላ ልብስ ስታሰጣ የአስመረት ደጃፍ በሰው ተሞልቶ አየች። ሊወስዷቸው የመጡት የመንግሥት ሰዎች ባልና ሚስቱን አገራችሁ እዚያ ነው ብለዋቸው ነበር፤ ከሻንጣ በላይም አልፈቀዱላቸውም። አስመረት በአጥሩ ላይ አንድ ትልቅ የጨርቅ ቦርሳ አቀበለቻት። ፊቷ ላይ ዕንባ አልነበረም፤ ፈዲላን የጎዳትም ይኸው ነው።

«አማና፣ ፈዲላ» አለቻት፣ በራሷ ቃል አደራ ማለት ትታ በፈዲላ ቃል። «ባለቤቶቹን ታውቂያቸዋለሽ።»

ሌላ ለመናገር ጊዜ አልሰጧትም። መኪናው ኮረኮንቹን ጨርሶ እስኪታጠፍ ፈዲላ እርጥብ አንሶላ ታቅፋ ቆመች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም፤ ያን ሰሞን የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጠልታ ነበር፣ ዝም ስላለ። እሷም ዝም ካሉት አንዷ ነበረችና ራሷንም አልማረችም።

ቦርሳው ውስጥ ያለቀ ነገር አልነበረም። አንዱ እጅጌ የለው፣ ሌላው ጀርባው ብቻ ነው፣ የአንዲት ሙሽራ ነጭ ሻል ግማሽ ላይ ቆሟል። ፈዲላ የራሷን ትዕዛዝ ገፋ አድርጋ የአስመረትን ጅምሮች አንድ በአንድ ትጨርስ ጀመር። ደንበኞቿ ተቆጡ፤ የተቆጣው ሄዶ ሌላ ሠሪ ፈለገ። ሰይድ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ በኋላ ግን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብሎ ተወው። እሷ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ አስመረት በተመለሰች ቀን ምንም ሳይጎድል፣ ሁሉም ለየባለቤቱ ደርሶ፣ «ይኸው» ልትላት። ያንን ቀን እያሰበች ነበር የምትሠራው።

የመጨረሻው የሲኤምሲዋ የወይዘሮ ተናኜ ትዕዛዝ ነበር፣ ለባለቤታቸው የታሰበ ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ። እጅጌው መጨረሻ ላይ ሲደርስ ክሩ አለቀ። ያን ሰማያዊ መርካቶን አስሳ አጣችው። ያኔ ቦርሳው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ትዝ አለቻት፤ ከስፋቷ ይልቅ ዕድሜዋ የሚታይ፣ ቀለሟ የወየበ ቀይ፣ ከሁለት የዛጉ መርፌዎች ጋር፣ እስከ ብብት ደርሳ የቆመች የሕፃን ጅምር። ባለቤት የላትም፣ ይህን ያህል ዘመን የጠየቃት የለም። ፈዲላ መርፌዎቹን መዘዘችና ጫፉን ሳበችው። ሰይድ አጠገቧ ቆሞ ስለ ስኳር መጥፋት ያወራ ነበር፤ እየሰማችው ስለነበር የምትፈታውን እንኳ ልብ ብላ አላየችውም። በቀዩ ክር አንገቱንና የእጅጌዎቹን ጫፍ ሠራች። ወይዘሮ ተናኜ ከመጀመሪያው ሐሳባቸው ይልቅ ይህ ያምራል አሉ። ቦርሳው ባዶ ሆነ፤ ፈዲላም ከክረምቱ ወዲህ ቀለል ያላት ያን ሰሞን ነው።

በጥር አደይ ለተብርሃን መጡ። የዘርአይ አክስት ናቸው፣ በትግርኛ አደይ፣ እናት ማለት ነው፣ የሚባሉ፤ በዕድሜያቸው ምክንያት ከመባረር የተረፉ፣ አሁን ግን ልጆቻቸው ወዳሉበት አስመራ በጅቡቲ በኩል ሊሻገሩ የተነሡ። አስመረት ሮም ባለ ዘመድ በኩል በስልክ መልእክት ልካ ነበር። ለፈዲላ ሰላምታ፣ ምርቃትና ይቅርታ። የተረፈውን ክር እንደ ልቧ ታድርገው። አንድ ነገር ብቻ ግን አደይ ለተብርሃን ይዘውላት እንዲመጡ ለምናለች፤ ቦርሳው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለችውን ቀይዋን ጅምር።

ፈዲላን ጅምሯ አለች ወይም የለችም ማለት አቃታትና ፈልጌ እንዳቆይልዎት ሐሙስ ይምጡ አለቻቸው። እሳቸውም መርቀዋት ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ሲኤምሲ ነበረች። ተሳስቻለሁ ብቻ አለች። ወይዘሮ ተናኜ ፊቷን አይተው አልጠየቋትም፤ ባለቤታቸው የለበሱትን አስወልቀው ሰጧት። አንገቱንና የእጅጌዎቹን ጫፍ ፈታ ክሩን አጠበች፣ አቃናች፣ መሥራት ጀመረች። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የአስመረት እጅ ጥብቅ ነው፣ የፈዲላ እጅ ልል። ያስለመዱትን እጅ እንደ ልጅ ገሥጸው አይመልሱትም። መጀመሪያ የሠራችው ለሕፃን ሳይሆን ለደረሰ ልጅ የሚሆን ወጣ፤ ፈታችው። ሁለተኛውን ክሩን ጣቷ እስኪቆረጥ ወጥራ ሠራችው፤ እሱንም ፈታችው። ሰይድ ሻይ ያቀብላታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎ ሊቀልድ አስቦ ነበር፣ ዓይኗን ሲያይ ተወው። ሐሙስ ጠዋት ግን እስከ ብብት ደረሰች፣ በዛጉትም መርፌዎች ላይ አዛወረቻት። ሲያዩዋት ያቺው ነበረች።

አደይ ለተብርሃን ላስቲኩን ፈቱ። ጨርቋን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ሳሟት። ከዚያ ፈዲላ ጠይቃ የማታውቀውን ነገሯት። ኤፍሬም ይባል ነበር፤ ገርጂ ከመምጣታቸው በፊት፣ ካሳንቺስ ሳሉ የተወለደ፣ ዳዴ ሲል የክሩን ጥቅል እያሯሯጠ እናቱን የሚያስቃት። ብብቱ ላይ ስትደርስ ትኩሳት ያዘው፤ ብዙ ሳይቆይ አረፈ። እሷ ጅምሯን ከዚያ ወዲህ አልነካቻትም።

«ሌላውን ሁሉ ሰጥታለች» አሉ አሮጊቷ። «ልብሱን፣ ጫማውን። ይቺን ግን፣ በየዓመቱ ታወጣትና ታያታለች። እሱ በሕይወት እያለ የነበረኝን እጄን የማየው በዚች ብቻ ነው ትለኝ ነበር።»

ጨርቋን መልሰው በላስቲኩ ጠቀለሉ። ፈዲላን ግንባሯ ላይ ሳሟት፤ አደራ ጠባቂ፣ እግዚአብሔር ያንቺንም አደራ ይጠብቅልሽ አሉ። ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። እሳቸው አላወቁም። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር፤ ምናልባት አስመረትም ብትሆን ዕንባ በሞላው ዓይን አታየውም። ፈዲላ ይህን ሁሉ በሩ ድረስ እየሸኘቻቸው አሰበች፤ ያልተገባትን ምርቃት ይዛ መቅረት ግን አልቻለችም።

«አደይ፣ ይመለሱ» አለች።

ተመለሱ። ላስቲኩን ከእጃቸው ወስዳ ጨርቋን አወጣች።

«ክሩ የእሷ ነው። እጁ ግን የእኔ ነው። ሳላውቅ ፈታሁት፤ ለሌላ ሰው አንገት ሠራሁበት። ይቺን ያየ ሳያውቅ እንዲያልፍ ብዬ ነው የሠራኋት። ወላሂ ልሰጣት አልችልም።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፈዲላ ስድብ ጠበቀች፣ ስድብ ቢመጣ ይሻላት ነበር። አልመጣም። መርፌዎቹን መዝዛ ክሩን መፍታት ስትጀምር አደይ ለተብርሃን ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት፤ ክሩን ክንዳቸው ላይ ጠመጠመችው። የተፈታውን ከክንዳቸው እየሳበች ጠቀለለች። ጥቅሉ አንድ እፍኝ አይሞላም።

«ምን ልበላት?» አሉ አሮጊቷ ተቀብለው።

«ፈዲላ ፈታችው በሏት። መልሳ ልትሠራው ሞክራ አልሆነላትም በሏት። ሌላ ምንም አይጨምሩልኝ።»

አደይ ለተብርሃን ጥቅሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ቋጠሮውን ሲያጠብቁ ቀና ብለው አላዩዋትም።

«ልጄ» አሉ፣ «አስመረት ራሷ ይህን ሁሉ ዓመት ይቺን መፍታቱ አቅቷት ነው የኖረችው።»

ፈዲላ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ለአስመረት፣ ስሙን ዛሬ ለሰማችው ልጅ፣ ለገዛ እጇም። ሰይድ ከሱቁ ሮጦ ሲመጣ አሮጊቷ ኮረኮንቹን ይዘው፣ የነጠላቸውን ጫፍ በመዳፋቸው ጨብጠው፣ ወደ ታክሲው እያዘገሙ ነበር።