የጉሮሮዋ ቀለም

አባቴ ጡረታ የወጣ መሬት ቀያሽ ነበር። ድንበር በምስክር መለካት ልማድ ሆኖበት ለወፍ እንኳ ምስክር ይጠይቃል። ያያቸውን ወፎች በሚመዘግብበት ደብተር ላይ አንዲት ወፍ የምትገባው ሁለት ሰው ካያትና ሁለቱም ሳይመካከሩ ምልክቷን ከተናገሩ ብቻ ነው። ሁለተኛዋ ምስክር እናቴ ነበረች። እሷ ከሞተች ወዲህ ደብተሩን የነካው አልነበረም።

አባቴ አልጋ ላይ ሲውል የስፌት መኪናዬን እሱ ክፍል አስገባሁ። አንድ ጠዋት የደንበኛ ቀሚስ ጫፍ እየዘመዘምኩ ሳለ ጮኸ።

«አየሻት? አየሻት ወይ?»

ቀና ስል መስኮቱ ጋ ያለው ቅርንጫፍ ብቻ ይወዛወዛል።

«በዕድሜዬ አይቻት አላውቅም!» አለ። ማንም ሳይደግፈው ቁጭ ብሏል። አልጋ ላይ ከዋለ ከወር በኋላ ፊቱ እንዲህ ሲበራ እያየሁ አላየሁም ልበለው? አንጀቴ አልቻለም።

«አየኋት አባዬ።»

ደብተሩንና ብዕሩን ከራስጌው አንስቶ ያየውን ጻፈ። «እሺ፣ ጉሮሮዋ ምን ዓይነት ነው?»

ምን ይዋጠኝ! እጄ ላይ ያለው ክር ቀይ ነበር። «ቀይ» አልኩ።

የጻፈውን አየ። «እኔ ያየሁት ነጭ ነው» አለ።

«እንደሱ ከሆነ ነጭ ነዋ። እውነቱን ልንገርህ፣ ዋሽቼህ ነው፤ ጭራሽ አላየኋትም።»

«ተይ ልጄ፣ አታባብዪኝ። አንቺ ሁለት ጥቁር ክር የምትለዪ ሰው ነሽ። የደከመው የኔ ዓይን ነው።»

ብምል ብገዘት አልሰማኝም። የወፎች ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ አስመጥቶ ባለ ቀይ ጉሮሮዋን ሲፈልግ ዋለ፤ አጣት። ማታ አልጋውን ወደ ግድግዳው አዙሪልኝ አለ። እኔ ደደቧ አዞርኩለት። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ።

ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ አንሶላውን ስገፍ ቅርንጫፉ ተወዛወዘ። ቀና አልኩ። ቡናማ ጀርባ፣ አጭር ምንቃር፣ ጉሮሮዋ እንደ ጥጥ ነጭ። እስከ ሦስት ሳልቆጥር በረረች።

መጽሐፉን ገለጥኩ። ሠላሳ ገጽ እንኳ ሳልሄድ አገኘኋት። ስሟን ልጽፍለት ደብተሩን ስከፍት የእሱ ጽሑፍ ጠበቀኝ፦ «ጀርባ ቡናማ። ምንቃር አጭር። ጉሮሮ ነጭ።» «ነጭ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዞ ከላዩ «ቀይ፤ ልጄ አይታዋለች» ብሏል።

በእሱ ሕግ ከሄድን የእኔ ምስክርነት አይቆጠርም፤ መልሱን ቀድሞ ነግሮኛል። እንባዬ እየቀደመኝ ቀዩን ሰርዤ «ነጭ ነው አባዬ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አልጋውን ብቻዬን እየጎተትኩ ወደ መስኮቱ መለስኩት።