በሳፋ የለወጥኩት ሄልሜት

ድንቅነሽ እባላለሁ፤ ቅናተኛ ነኝ። ዲላ ውስጥ ይህን የማያውቅልኝ ሰው የለም። ባሌ ተሻለ በሞተር ብስክሌት ሬኮ ወደሚባል ቀበሌ እየተመላለሰ እሸት ቡና ይረከብ ነበር። ሔለን ደግሞ እዚያው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሚዛን ላይ ትሠራለች። ቆንጆ ናት። ይህን ለማመን አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ተሻለ መጀመሪያ የወደቀው ጭቃ አንሸራቶት ነው፤ ራሱን ስቶ ነቃ። በሳምንቱ አዲስ ቀይ ሄልሜት ደፍቶ መጣ። ሔለን ሐዋሳ ሄዳ ገዝታለት ነው። ሚስቱ እኔ ሆኜ ለጭንቅላቱ ያሰበችለት እሷ ሆነች። ደሜ ፈላ። ጠዋት ጠዋት ማሰሪያውን አገጩ ሥር ሲያጠብቅ የእሷ እጅ ይታየኝ ነበር። አንድ ቀን አሮጌ ዕቃ ወስደው አዲስ የሚሰጡት ልዋጮች በደጃችን ሲያልፉ ጠርቼ በሳፋ ለወጥኩት። ለተሻለ ከበረንዳ ላይ ተሰረቀ አልኩት። ሌላ አልገዛም።

ከዚያ በኋላ ባዶ ራሱን ሁለት ጊዜ ወደቀ። ከጪጩ መንደር መውጫ ላይ የወደቀ ጊዜማ ሦስት ቀን ሙሉ ስሜ ጠፍቶት ነበር።

ዘንድሮ በስድሳ ሦስት ዓመቱ የቤታችን መንገድ ይጠፋዋል። ሐኪሙ ስንት ጊዜ ጭንቅላቱን እንደተመታ ጠየቀኝ። ደጋግሞ መመታት በስተርጅና የመርሳት በሽታን ዕድል እንደሚጨምር፣ የእሱ ግን ከዚያ ይምጣ አይምጣ በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል አስረዳኝ። ሄልሜት ያደርግ ነበር ወይ ሲለኝ አልነበረውም አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አጠገቡ ተቀምጬ የሄልሜቱን ነገር አንድ በአንድ ነገርኩት። ይቅር ሊለኝ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ ጨርሶ ሳይረሳኝ ይቅር እንዲለኝ ፈለግሁ። እጄን ያዘና ፈገግ አለ።

«አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ሔለን» አለኝ። «ልዋጮቹ ሳፋውን ሲሰጧት ጎረቤት ቆሜ አይቻታለሁ። ሌላ ብገዛም ያንቺ እየመሰላት ስትብሰለሰል ታድራለች። ድንቅነሽ ሰላም ታግኝ ብዬ ነው ባዶ ራሴን የምሄደው። ይቅር ብያታለሁ። አደራ እንዳትነግሪያት።»

እንደማልነግራት ቃል ገባሁለት። ዕንባዬ እየወረደ እንኳ በሔለን ቀናሁ። የእኔን ይቅርታ የሰጠው ለእሷ ነው።