ሁለተኛው ፍሪሲዮን

የተቃጠለው ሽታ ከጭነት መኪናው ሆድ ገና አልወጣም። መካኒኩ አሮጌ ካርቶን አንጥፎ፣ በጀርባው ተንጋሎ የካምቢዮውን ቡሎኖች አንድ በአንድ ይፈታል። ከሰባት ወር በፊት እነዚሁኑ ቡሎኖች በዚሁ እጁ ማጥበቁን ወገቡ አልረሳውም። ደህና ፍሪሲዮን አራት አምስት ዓመት ይሠራል። ይሄኛው ዓመት እንኳ አልደፈነም።

ጠዋት ነድቶ ሞክሮታል። አቀበቱ ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው ፈቀቅ አይልም። ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የቸገረው ለምን እንዳለቀ ነው።

«ያለፈው ሥራህ ነው እንግዲህ» አለ ታላቅ ወንድሙ፣ ጋራዡ በር አጠገብ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ። «እጅህ አርጅቷል፣ ማሙሽ።»

መካኒኩ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ጸጉሩ ከሸበተ ቆይቷል፤ ለወንድሙ ግን አሁንም ማሙሽ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። ዛሬ ቀልዱ ሆዱ ገባ፣ ከትናንት ጀምሮ ሲያብሰለስል የነበረው ያንኑ ነውና። ዘይት የሚያፈስ ቦታ ሳያይ አልፎ ይሆን? አጣምሞ ገጥሞ ይሆን? መኪናው የወንድሙ መተዳደሪያ ነው። ነገ ማለዳ ሲሚንቶ ጭኖ ረጅም ቁልቁለት ሊወርድበት ነው።

ከጎረቤቱ ከበያጁ ጋር ሆነው ካምቢዮውን በሰንሰለት አወረዱት። በያጁ ላቡን ጠርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ መካኒኩ ባትሪ አብርቶ ወደ ውስጥ አየ።

የፍሪሲዮኑ ሸራ ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል። ከኋላው ያለው ቮላኖ፣ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ያ ከባድ የብረት ክብ፣ ፊቱ በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል። ጥፍሩን ሲያሳልፍበት ስንጥቁ ያዘው። ዘይት ግን ጠብታ የለም። አገጣጠሙም ቀጥ ያለ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚሠራው ኩሽኔታ ደግሞ ዕረፍት አጥቶ እንደኖረ ሁሉ ቅባቱ ደርቆ ነዷል።

ትንፋሹን ለቀቀ። ጥፋቱ የእጁ አይደለም። እፎይታው ግን ብዙ አልቆየም። እንዲህ የሚሆነው ሾፌሩ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ ሲነዳ ነው፤ የለማጅ ጥፋት ነው። ወንድሙ ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ነው። መካኒኩንም መንዳት ያስተማረው ወንድሙ ነው፤ ያኔ እግሩን ፔዳሉ ላይ በረሳ ቁጥር በተጠቀለለ ጨርቅ ጉልበቱን ይለው ነበር። «እግር ማሳረፊያ መሰለህ?» እያለ።

ከመኪናው ሥር ሆኖ ወደ በሩ አየ። ከዚያ የሚታየው የወንድሙ ጫማ ብቻ ነው። የግራው ተረከዝ በአንድ በኩል ክፉኛ ተበልቷል።

«ጋሼ፣ መንገድ ላይ ይደክምሃል እንዴ?»

«ያልደከመው ማን አለ?»

«እግርህንስ?»

«ሥራህን ሥራ» አለው። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

ሠራ። አሮጌውን ቮላኖ አውርዶ አዲሱን አነሣ። የብረቱን ፊት በቤንዚን ጠረገ፤ ቡሎኖቹን አንዴ ከዚህ አንዴ ከማዶ እያለ አጠበቀ፤ አዲሱን ሸራ መሃል አስያዘ፤ ኩሽኔታውን ቀየረ። በያጁ ተጠርቶ መጣ። ካምቢዮው ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ገባ። ሲጨርሱ ፀሐይዋ ከቆርቆሮው ጣሪያ ወርዳ በበሩ በኩል ትገባ ነበር። መካኒኩ ፔዳሉን በእጁ ተጭኖ ለቀቀው፤ እስከ ላይ ተመለሰ። እንደገና ሞከረው፤ ተመለሰ። እንከን የለውም።

«ጋሼ፣ ጋቢና ውጣና ርገጥልኝ» ብሎ መኪናው ሥር ገባ።

ወንድሙ ለመውጣት ብዙ ቆየ። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ጋራዡ ጸጥ ብሏል። መካኒኩ ፔዳሉ የሚገፋውን አጭር ዘንግ በባትሪ እያየ፣

«ርገጥ» አለ። ዘንጉ ሄደ።

«ልቀቅ።» ዘንጉ ግማሽ መንገድ ተመልሶ ቆመ።

«ልቀቅ እንጂ ጋሼ።»

«ለቅቄያለሁ።»

ዘንጉ አልተንቀሳቀሰም። መካኒኩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ሥራው እንከን እንዲወጣበት ተመኘ። ብረት ቢሆን ይቀየራል።

«እግርህን አንሥተሃል?»

«አንሥቻለሁ አልኩህ እኮ። ምን ሆነሃል ዛሬ?»

ወጥቶ ዞረና የጋቢናውን በር ከፈተ። ወንድሙ በመስታወቱ አሻግሮ ውጭውን ያያል። ግራ እግሩ ፔዳሉ ላይ ተጋድሟል። መካኒኩ ቁርጭምጭሚቱን ያዘው፤ ወንድሙ ዞር አላለም። ቀስ አድርጎ አነሣውና ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ወንድሙ ያጎነበሰው ፔዳሉ ቀጭ ብሎ ሲመለስ ድምፁን ሰምቶ ነው። ዘይት የጠገበውን የታናሹን እጅ እግሩ ላይ አየ።

 

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰማህ?» አለ መካኒኩ።

«ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑን ከቀየርክልኝ ትንሽ ቆይቶ።»

«ቀኙስ?»

የፍሬኑን እግር ማለቱ ነበር። ወንድሙ ቀኝ ጉልበቱን በመዳፉ ሸፈነ፣ በጨርቅ ሊመታ እንደሆነ ሁሉ።

«ቀኙ ይሰማኛል» አለ። ቀጥሎም፣ «ጠዋት ጠዋት ብቻ» አለ።

መካኒኩ እግሩን አልለቀቀም። ሌላውን እጁን ዘረጋ።

«ቁልፉን ስጠኝ፣ ጋሼ።»

የወንድሙ እጅ ወደ ቁልፉ ሄደና እዚያው ላይ አረፈ።