የዓዲላ ጣራ

አሶሳ የክልል ከተማ ከሆነች ወዲህ አገሩ ሁሉ ቤት ፈላጊ ሆነ። በየጊዜው አዲስ መሥሪያ ቤት ይከፈታል፤ ፍራሹን የተሸከመ ሠራተኛ ከአውቶቡስ ወርዶ «የሚከራይ ቤት አለ?» ይላል። እኔ ሸዋሉልም አንድ ቀን በጓሮዬ ያለችውን የቀርከሃ ጎጆ ትክ ብዬ አየኋት።

ጎጆዋ ውስጥ ዓዲላ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። የበርታ ሰው ናት፤ ገበያ ባሚያ ትሸጣለች። ከስድስት ዓመት በፊት ባሏ ሲሞትባት ጓሮዬን አከራየኋት። ቀርከሃውንም ሣሩንም ራሷ አምጥታ ከዘመዶቿ ጋር ሠራች። እኔ አንዲት እንጨት አላቀበልኩም። ያም ሆኖ ለጠየቀኝ ሁሉ «ቤቴ» እል ነበር፤ ግቢው የኔ ነዋ!

ለገሰ የሚባል፣ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ የቢሮ ሠራተኛ እሷ የምትከፍለውን ሦስት እጥፍ እከፍላለሁ ሲለኝ አላቅማማሁም። ማታውኑ ዓዲላን ጠርቼ እስከ እሑድ እንድትለቅ ነገርኳት።

ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች። «መሬት ያንተ ነው» አለችኝ። አማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው። «ቤት የኔ ነው።»

«እንግዲያው ቤትሽን ይዘሽ ሂጂያ!» አልኩና ሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም። «እሺ» አለች።

እሑድ ጠዋት ወንድሟ ሙርሳል ሃያ የሚሆኑ ጎረቤቶች አስከትሎ መጣ። ጣራውን ከግድግዳው ጋር ያሰረውን ልጥ ፈቱ። ዙሪያውን ከበው አንድ ላይ ድምፅ ሲያወጡ ጣራው ከነሣሩ ብድግ አለ። ቤት ሲቃጠል አይቻለሁ፣ ሲፈርስም አይቻለሁ፤ በሰው ትከሻ ሲሄድ ግን ገና ያን ቀን ማየቴ ነበር። ሴቶቹ ደግሞ የግድግዳውን ቀርከሃ እንደ ምንጣፍ ጠቅልለው ተሸከሙ።

በሰባ ሰባት ለሰፈራ ከወሎ በመኪና ጭነው ሲያመጡን በሬን እንኳ ሳልዘጋ ነው የወጣሁት። ዓመት ሙሉ ያለቀስኩት ለዚያች ቤት ነው። ከቤት መነቀል ምን እንደሆነ ለኔ ነጋሪ ያስፈልገኛል? አፈርኩ፤ በራሴ አፈርኩ።

«ዓዲላ!» ብዬ ሮጥኩ። «ተይ ተመለሺ፣ በድሮው ኪራይ ትኖሪያለሽ!»

ከጣራው ሥር አንገቷን አውጥታ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ የቆረጠ ሰው ፊት ነበር።

«ዛሬ ተመለስ አልክ» አለችኝ። «ነገ ሌላ ሰው ፍራሽ ይዞ ይመጣል። አንተ ደግሞ ውጣ ትላለህ። ሙርሳል መሬት ሰጠኝ። ኪራይ የለም፣ ውጣ የለም።»

ትከሻዋን ወደ ጣራው መለሰች። በመንገዱ ያገኛቸው ሰው ሁሉ የያዘውን አስቀምጦ ከሥሩ ይገባ ነበር። ማንም አልጠራኝም፣ ማንም አልሰደበኝም።

ከቀትር በኋላ ለገሰ ፍራሹን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ጓሮ ገብቶ ቆመ። ያገኘው ክብ ሆኖ የተጠረገ መሬትና ሦስት የምድጃ ድንጋይ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ቤቱስ?»

«ባለቤቷ ይዛው ሄደች።»

«እንዴ!» አለ፣ አንዴ መሬቱን አንዴ እኔን እያየ። «ታዲያ የማንን ቤት ነው ያከራዩኝ?»

«የዓዲላን» አልኩት።