አብራ ያልሄደችው ነጥብ

የብርጓል የትውልድ ከተማዋ አምበር ደርሳ ከሚኒባሱ እንደወረደች ዓይኗ ያረፈው በቀድሞ ትምህርት ቤቷ በር ላይ በተወጠረው ጨርቅ ላይ ነበር። «አዲስ ዓለም ያገኘች የአምበር ልጅ» ይላል።

አምና ኮከብ ከምታጠናበት ውጭ አገር ደውላ «ፕላኔት አገኘን» ብላ ለእናቷ ያወራችው ነው ይህን ሁሉ ያመጣው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደብረ ማርቆስ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ፣ መብራቱ ሄድ መጣ እያለ ሲያቃጥላት ቆይቶ፣ የምርምር ጓደኞቿ የላኩላት ፎቶ በመጨረሻ ተከፈተላት። አምና ከአንድ ወጣት ኮከብ አጠገብ ያገኟት ደብዛዛ ነጥብ አለች። ኮከቡ ግን ከአምናው ቦታው ፈቀቅ ብሏል። ነጥቧ የእሱ ፕላኔት ብትሆን አብራው በሄደች ነበር። አልሄደችም። ለካ ከበስተኋላው፣ እጅግ ርቃ ያለች፣ ምኑም ያልሆነች ሌላ ኮከብ ኖራለች። የዓመታት ድካም በአንድ ፎቶ አለቀ።

ፊዚክስ ያስተማሯት፣ አሁን ርእሰ መምህር የሆኑት አቶ እንዳላማው እጃቸውን ዘርግተው መጡ።

«ጋሼ፣ ጨርቁን ያስወርዱልኝ። ፕላኔት አይደለችም።»

«ድሮም መመስገን አትወጂም!» ብለው ሳቁ።

«ተሳስተናል ነው የምልዎት!»

«ነይ፣ ሕዝቡ እየጠበቀሽ ነው።»

ግቢው ጢም ብሏል። እናቷ ወይዘሮ ማሬ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ልትነግራቸው ስትል አንገቷን ይዘው አገላብጠው ሳሟት። አንዲት ጎረቤት ፕላኔቷ ላይ ውሃ ይኖር እንደሆነ ጠየቀቻት፤ አንዱ ደግሞ «አምበር ብለን ስም አውጥተንላታል» አላት። «የለችም» ባለች ቁጥር የሚመለስላት ፈገግታ ነው። ሰው እንዴት ጆሮ እያለው አይሰማም?

ማይኩን አጠገቧ ከተቀመጡት ከአቶ እንዳላማው እጅ ነጠቀችው።

«ያየነው ፕላኔት አልነበረም» አለች። «ኮከብ ነው።»

አቶ እንዳላማው ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። «ሰማችሁ? እኛ ፕላኔት መስሎን! ኮከብ ነው ያገኘችው!»

ግቢው በእልልታ ተናጋ። የብርጓል ማይኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው፤ እልልታው ባሰበት። ቦርሳዋን አንሥታ ልትወጣ ፊቷን አዞረች።

ያኔ ከእናቷ ጎን የተቀመጡት አባቷ ቄስ አካለ ወልድ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ። ከቤተ መቅደስ ውጭ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምታ አታውቅም።

«ዝም በሉ! ልጄ አጣሁ ነው የምትላችሁ። ለቅሶ ላይ እልል ይባላል?»

አቶ እንዳላማው ቀስ ብለው ተቀመጡ። እናቷ ሳይታወቃቸው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

ከሚኒባሱ ከወረደች ጀምሮ ስትለምነው የቆየችው ጸጥታ ይኸው መጣ። ቁጣዋ ግን የት እንደገባ እንጃ።

«በይ ንገሪን» አሏት አባቷ፣ ዝግ ብለው። «ምን ነበር የምትፈልጊው?»

ማይኩን መልሳ አነሣች። ያዘቀዘቀችው ፀሐይ ፊት ለፊቷ ነበረች፤ አባቷን ለማየት መዳፏን ግንባሯ ላይ ጋረደች። እንደዚያው ጋርዳ ቆየች።

«የኮከቡ ብርሃን ዓይን ያጠፋል» አለች። «እንዲህ ከልለን ነው አጠገቡ ያለውን የምንፈልገው። ወጣት ኮከብ የምንመርጠው ደግሞ ልጆቹ ስላልበረዱ ነው። እነዚያ ግዙፍ ፕላኔቶች ገና ከእሳት እንደወጣ ማረሻ ይግላሉ፤ በግለታቸው ነው የምናያቸው...»

ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ወደ ፀሐይዋ ዞሩ፤ አንድ በአንድም መዳፋቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ።