ከመደርደሪያው የወረደው ድስት

«ልብስ የምትቀቅል ከሆነ ጓሮ ምድጃ አለ» አልኩት።

ዘሪሁን ማማሰያውን እንደያዘ ዞረ። በጋራ ማድ ቤታችን ትልቅ ብረት ድስት ጥዷል፤ ውስጡ አንድ ነጭ የትራስ ልብስ ቡናማ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ይንሳፈፋል። እኔ ሻይ ደፍቶበት ሊያስለቅቅ መስሎኛል። እሱ ግን እንደተሰደበ ሰው ፊቱን አጨማደደ።

«የምን ልብስ? ታቢታ፣ ቢራ ነው እኮ!»

«በትራስ ልብስ?»

«ብቅሉ ነው ውስጡ ያለው፤ እንዳይበተን። ደግሞ አዲስ ነው፤ ማንም አልተኛበትም።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ማንም ያልተኛበት መሆኑን ማወቄ ግን ቢራውን ከፍ አላደረገልኝም።

ዘሪሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢኮኖሚክስ ያስተምራል፤ እኔ እዚያው ረዳት መምህር ነኝ። ሁለታችንም ሐይቅ ዳር፣ እትዬ ከበቡሽ ግቢ ተከራይተን እንኖራለን። ባለፈው ዓመት ሻወር ቤት ውስጥ እንጉዳይ ሲያበቅል ሁላችንም በባልዲ ታጠብን። ዘንድሮ ደግሞ «ሐዋሳ ላይ የሚጠጣ ቢራ የለም» ብሎ ተነሳ። ይህን ያለው ከቤታችን ወጣ ሲሉ በየደጃፉ ቀዝቃዛ ድራፍት በሚቀዳበት ሰፈር ነው።

«ጌሾም ገዝተሃል» አልኩት፣ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን እያየሁ።

«በሆፕ ፋንታ ነው፤ በቢራ ማምረሪያው። ከጠላ ጋር እንዳታወዳድሪው!»

ምንም አላወዳደርኩም። ዓይኔ ወለሉ ላይ የወደቀ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ አርፎ ነበር። ቀና ብዬ መደርደሪያውን አየሁ፤ ባዶ ነው።

«ዘሪሁን፣ ይሄ የእትዬ ሩዋይዳ ድስት ነው።»

«የእኔ ትንሽ ሆነብኝ።»

እትዬ ከበቡሽ በየዓመቱ የሐምሌ ገብርኤልን ይዘክራሉ። ለክርስቲያኑ እንግዳ አንድ በግ ይታረዳል፤ ለሙስሊሙ እንግዳ ሌላ በግ በሙስሊም እጅ ይታረዳል። ያ ድስት የዚያኛው በግ ብቻ ነው። የሚሠሩበት ከአጥር ወዲያ ያሉት እትዬ ሩዋይዳ ናቸው፤ ከእትዬ ከበቡሽ ጋር አንድ ትምህርት ቤት አስተምረው አብረው ጡረታ የወጡ። የእኛ ሥጋ ነክቶት አያውቅም፤ አልኮልማ አይታሰብም። እትዬ ሩዋይዳ ከፈለጉ ድስቱን ቤታቸው ወስደው ማስቀመጥ ይችሉ ነበር። ግን በጨርቅ ተጠቅልሎ ክርስቲያን ቤት መቀመጡና እሳቸውም ሳይጠራጠሩ እየፈቱ መጣዳቸው ነው ቁም ነገሩ። እትዬ ከበቡሽ ስለ ልጆቻቸው ብዙ አይኮሩም፤ በድስቱ ግን ይኮራሉ።

ዘሪሁን ይህን ሁሉ ያውቃል። ሁለት ዓመት ከዝክሩ በልቷል።

«ገና ቢራ አልሆነም» አለኝ እንደ ተማሪ ሊያስረዳኝ። «እርሾ ካልገባበት አልኮል የለውም። አሁን የገብስ ውሃ ነው። ሲበርድ ወደ ጀሪካን እገለብጠዋለሁ።»

«እትዬ ከበቡሽ ቢኖሩ ትጥደው ነበር?»

«የሉማ!»

ይርጋለም ከተማ ያለች የታመመች እህታቸውን ሊያስታምሙ ሄደዋል። በሌሉበት ማድ ቤቱ የሳይንስ ሆነ።

ጀሪካኑ ቀዳዳ ኖሮታል። ከመግዛቱ በፊት ውሃ ሞልቶ ማየት የሚባል ነገር ሳይንሱ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ የዳቦ እርሾውን እዚያው ድስት ውስጥ በተነና አፉን በፕላስቲክ አሰረው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሻይ ላፈላ ስገባ፣ ዶክትሬት ሊቀጥል ያሰበውን ሰውዬ ጆሮውን ፕላስቲኩ ላይ ለጥፎ አገኘዋለሁ።

«ይተነፍሳል» ይለኛል በሹክሹክታ።

«እግዚአብሔር ይማረው» አልኩት አንድ ቀን።

«እናንተ ጴንጤዎች ቢራ ስታዩ ፊታችሁ ይጠቁራል።»

ፊቴ የጠቆረው ስለ ቢራው አልነበረም። ደግሜ ብነግረው ደግሞ ያስረዳኛል ብዬ ተውኩት።

ሲደርስለት ከሻወሩ በነቀለው ጎማ፣ በአፉ እየሳበ፣ ከግሮሰሪ በለመናቸው ጠርሙሶች ሞላው። ስም አወጣለት፤ በቀለም አሳትሞ ለጠፈበት። ባዬና ሰለሞን የሚባሉ የሥራ ባልደረቦቹን ለቅምሻ ጋበዘ። የመጀመሪያው ጠርሙስ ሲከፈት ግማሹ የበረንዳውን ኮርኒስ አጠበ። የተረፈው ደፍራሽ ነበር፤ ከላዩ አንድ የሚንሳፈፍ ነገር አለው።

ሰለሞን ጎንጨት አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። «ጥልቀት አለው» አለ።

«አይደል?» አለ ዘሪሁን። «አፍ ላይ ይቆያል።»

«ይቆያል» አለ ሰለሞን፤ ውሃም ጠየቀ።

ዘሪሁን ሌላ ጠርሙስ ሊያመጣ ሲገባ ባዬ ብርጭቆውን የጥብስ ቅጠሉ ሥር ደፋው። እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ፤ ሲያየኝ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ዘሪሁን ሲመለስ «ኧረ ይሄን ነገር ለገበያ አውጣው!» አለው። ዘሪሁንም አመነ።

እትዬ ከበቡሽ ለዝክሩ ዋዜማ ተመለሱ። ከመድረሳቸው በፊት ዘሪሁን ድስቱን በአሸዋ ፈግፍጎ፣ በሎሚ አሽቶ፣ በአረንጓዴው ጨርቅ ጠቅልሎ ቦታው ሰቅሎት ነበር። ቋጠሮውን ሳይቀር እንደ ድሮው አስሮታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ በጥንቃቄ ሲሠራ ያየሁት ነገር ያ ቋጠሮ ብቻ ነው።

«እንዳትናገሪ» አለኝ። «ያላወቁት አይጎዳቸውም። ደግሞ አንቺ ዝምተኛ ነሽ፤ ደስ የሚለኝ ጸባይሽ ይሄ ነው።»

ዝም አልኩ፤ እሱም እሺ ያልኩ መሰለው።

በበዓሉ ጠዋት አብዲ የተባለው የእትዬ ሩዋይዳ ወንድም ልጅ በጉን ባርኮ አርዶ ሄደ። ዘሪሁን በረንዳው ላይ ቆሞ ቡና ይጠጣል። እትዬ ሩዋይዳ እጃቸውን ታጥበው፣ ሽንኩርቱን አስከትፈው፣ «ድስቴን አቀብይኝ ልጄ» አሉኝ። አወረድኩላቸው። ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩ።

ክፍል ውስጥ እንኳ ስናገር ድምፄ ከኋላ ወንበር አይሰማም።

«እትዬ ሩዋይዳ፣ አይጣዱበት። ዘሪሁን ቢራ ጠምቆበታል።»

ጣታቸው ቋጠሮው ላይ ቀረ። እትዬ ከበቡሽ የያዙትን ጭልፋ አስቀመጡ።

«ምን አልሽ?»

ደገምኩት። አሁን ከበረንዳው ድረስ ተሰማ።

«ታጥቧል እኮ!» አለ ዘሪሁን እየገባ። «አሉሚኒየም ነው፤ ምንም አይዝም። በሳይንስ ካየነው—»

«ማነህ አንተ?» አሉት እትዬ ከበቡሽ። ማንነቱ ጠፍቷቸው አይመስለኝም። «እኔ ስንት ዘመን የጠበቅሁትን!»

«ድስት ነው እኮ እትዬ። አዲስ እገዛልዎታለሁ።»

«ድስት ሱቅ ሞልቷል» አሉ እትዬ ሩዋይዳ። አልተቆጡም። ቋጠሮውን መልሰው አጠበቁና ድስቱን ለእትዬ ከበቡሽ ሰጧቸው። «ከቡ፣ አንቺን አይደለም የምወቅሰው። ለጠላሽ ይሁንሽ። ሥጋውን ወደ እኔ ቤት አሻግሩልኝ።»

«ሩዋይዳ...»

«ምሳ ላይ እመጣለሁ እኮ። የት እሄዳለሁ?»

እትዬ ከበቡሽ ድስቱን አቅፈው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ዘሪሁን ወደ እኔ ዞሮ «ደስ አለሽ?» አለኝ። ሽንኩርቱን በሳህን ይዤ እትዬ ሩዋይዳን ተከተልኩ።

እትዬ ሩዋይዳ በጉን በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ድስት ሠሩት፤ ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ እዚያው ነው የሚሠሩት። ምሳ ላይ ሸፍነው አመጡትና ከእትዬ ከበቡሽ አጠገብ ተቀምጠው ከእንግዶቻቸው ጋር በሉ። እትዬ ከበቡሽ በማግስቱ ዘሪሁንን ቤት እንዲፈልግ ነገሩት፤ ፒያሳ አካባቢ አገኘና ጠርሙሶቹን ጭኖ ወጣ።