ሐሙስ ሐሙስ ደሴ

ፀሐይነሽ ልቅሶዋን አቋርጣ ሴትዮዋን አየቻት። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ከበሩ አጠገብ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ድምፅ ሳታሰማ እንባዋን ታወርዳለች። ዕለቱ ሠልስት ነበር። ኮምቦልቻ ያለው ቤታቸው ከቀብሩ ጀምሮ ለቀስተኛ ሲገባና ሲወጣበት ሰንብቷል፤ ፀሐይነሽም ማን ከልቡ እንደሚያለቅስ፣ ማን ለይሉኝታ እንደመጣ መለየት ጀምራለች። ይህቺኛዋ ከልቧ ነበር። ለባሏ ለአግማስ እንዲህ የምታለቅስለት፣ እሷ የማታውቃት ሴት ከየት መጣች?

ልጇን ትህትናን በዓይኗ ጠራቻት። ትህትና ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት፤ ሴትዮዋ ከደሴ ነው የመጣችው፣ ትናንት ወደ አግማስ ስልክ ስትደውል መርዶውን ያረዳቻት ራሷ ትህትና ነበረች፣ ስሟም ፊርደውስ ነው።

ስሙን ፀሐይነሽ ታውቀዋለች። ከሦስት ወር በፊት አግማስ ገላውን ሲታጠብ ስልኩ ጠርቶ ይህንኑ ስም አይታበታለች። ስትጠይቀው ፊቱን በፎጣ እያበሰ፣ ደሴ ፒያሳ ብረት የምትሸጥ ሴት ናት ብሎ መለሰላት። አግማስ በያጅ ነበር፤ በርና መስኮት ይሠራል። ብረት ፍለጋ ደሴ መውጣቱ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የሆነባት ሐሙስ ሐሙስ መሆኑ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መሄዱ፣ ብዙውን ጊዜም ባዶ እጁን መመለሱ ነው። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ሸሚዙን ከማጠቧ በፊት አሸትታው ታውቃለች። ምንም አላገኘችበትም፤ ምንም አለማግኘቷ ግን አላሳረፋትም። አንድ ቀን ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ ስትል፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብየዳ ቤቱ ውስጥ እንደቆመ ወድቆ ቀረ።

አጠገቧ የተቀመጠች ጎረቤት፣ ያቺ ሴት ዘመድ ናት ወይ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«አዎ፣ የሱ ወገን ናት» አለች ፀሐይነሽ። ለምን እንደዋሸች ለራሷም አልገባትም። የገባት ነገር ቢኖር ይህ ሁሉ ሰው የተከዳች ሴት ናት ብሎ ሲያዝንላት ማየት እንደማትችል ነው።

ለቀስተኛው ለምሳ ወደ ድንኳኑ ሲወጣ ትህትና ሴትዮዋን ወደ ጓዳ አስገባቻት፤ ፀሐይነሽም ተከትላ ገብታ በሩን ዘጋች። ፊርደውስ ቆማ ጠበቀቻት።

«እትዬ፣ አላህ ያጽናዎት።»

«ከሱ ጋር ስንት ጊዜሽ ነው?» አለቻት ፀሐይነሽ።

ፊርደውስ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ፊቷ ቀላ። መልስ ከመስጠቷ በፊት ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። «እኔ ደሴ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ እጽፋለሁ» አለች። «ጋሽ አግማስ ባለጉዳዬ ነበሩ። ይሄ የውሳኔው ግልባጭ ነው። ባለፈው ሐሙስ ተወሰነላቸው፤ ማኅተም እስኪደረግበት ብለው እኔ ጋ ትተውት ሄዱ።»

ፀሐይነሽ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። የባሏ ስም ከነአያቱ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ በ1982 ዓ.ም. በሐርቡ ስለተፈጸመ ከባድ የአካል ጉዳት፣ ስለ አራት ዓመት እስራት ይላል። ደግማ አነበበችው። አግማስ የሐርቡ ልጅ መሆኑን ታውቃለች። ሌላውን አታውቅም።

ፊርደውስ ቁጭ ብላ ነገረቻት። አግማስ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ሳለ በመስኖ ውሃ ተራ ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ በአካፋ እጀታ መታው፤ የሰውየው አንድ ዓይን ጠፋ። ደሴ ወህኒ ቤት ታስሮ ሲፈታ ወደ ሐርቡ መመለስ አፍሮ ኮምቦልቻ ወረደ። ፀሐይነሽን ያገባት ከዚያ በኋላ ነው። አምና ወደ ፊርደውስ ሲመጣ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት እንደሚፈልግ ነገራት፤ በሕጉ «መሰየም» ይባላል። ግን የክሱን መዝገብ ቁጥር አላስታወሰውም። ፖሊስ ዘንድ አሻራ ሰጥቶ ስሙ እስካሁን መኖሩን አረጋገጡ። ከወህኒ ቤቱ የድሮ መፈቻ ወረቀቱ ቅጂ እስኪገኝ ሁለት ወር ሄደ። በመፈቻው ላይ ባለው ቁጥር አሮጌው መዝገብ ከፍርድ ቤቱ ግምጃ ቤት ተፈልጎ ወጣ። ከዚያ የቀበሌው የመልካም ጠባይ ማስረጃ፣ ከዚያ ምስክር፣ ከዚያ ቀጠሮ በቀጠሮ። የችሎቱ ቀን ሐሙስ ሐሙስ ነበር።

ፀሐይነሽ ይህን ስትሰማ፣ አብራው የኖረችበት ሃያ ስድስት ዓመት ሌላ መልክ እየያዘ መጣ። ፋብሪካው ቋሚ በያጅ ሲፈልግ አግማስ አልወዳደርም ብሎ ቀረ፤ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ አምጡ ብለው ነበር። ቀበሌው ለማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኝነት ሲመርጠው ታምሜያለሁ ብሎ ሦስት ቀን ተኛ። እሷ ያን ጊዜ ፈሪ ብላዋለች። ሰው ፊት ጭምር።

«ለምን ለኔ አልነገረኝም?»

ፊርደውስ አቀረቀረች። «የተከራዩን ነገር አጫውተውኛል፣ እትዬ።»

ፀሐይነሽ አስታወሰች። በተጋቡ በዓመቱ ከጓሯቸው ያለችውን ክፍል የተከራየ ሰው ታስሮ የተፈታ መሆኑን ሰማች። ከታሰረ ሰው ጋር አንድ ግቢ አላድርም ብላ ሰውየውን በሳምንቱ አስወጣችው። አግማስ የሰውየውን ፍራሽ ተሸክሞ እስከ መንገድ ሸኘው። ተመልሶ መጥቶ እጁን ታጠበና እራቱን ሳይበላ ተኛ።

«ወረቀቱን ይዤ ነው የምነግራት ይሉ ነበር» አለች ፊርደውስ። «ወረቀቱን ካልያዝኩ አፍ የለኝም ይሉ ነበር። ወላሂ፣ ሌላ ነገር አልነበረንም።»

ሌላ ነገር ቢኖርማ ኖሮ ይቀላት ነበር። ውሽማው ብትሆን ሰድባ ታባርራታለች፤ ሰውም ይፈርድላታል። ይህቺ ግን የወሰደችባት ነገር ስም የለውም። እሷ ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ተኝታ ያልሰማችውን፣ ይህቺ በአንድ ረፋድ ከጠረጴዛዋ ማዶ ሆና ሰማችው። ሲናገር ድምፁ ተንቀጥቅጦ ይሆን? አልቅሶ ይሆን? አግማስ በእሷ ፊት አልቅሶ አያውቅም። መልሱን ከፊርደውስ አፍ መስማት አልፈለገችም።

«ምስክሩስ ማን ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«ጋሽ በሺር ናቸው። ዓይናቸው የጠፋው ሰው። ታርቀናል፣ ይቅር ብዬዋለሁ ብለው ለዳኛው መሰከሩ።»

ፀሐይነሽ የጓዳውን መስኮት ከፈተች። በሺር ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። የልጅነት ጓደኛዬ ነው እያለ አግማስ በየዓመቱ የሚጠይቀው፣ ለአረፋም ለፋሲካም ቤታቸው የሚመጣ ሰው ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ከሐርቡ እየተመላለሰ ነው። ዓይኑን ሕመም ያጠፋበት ይመስላት ነበር። እሱም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሁሉም ያውቁ ነበር።

ፊርደውስ ግልባጩ ለደሴ ፖሊስ መዝገብ ክፍል መድረስ እንዳለበት ነገረቻት፤ ካልደረሰ ስሙ ከዚያ አይነሣም። እሷ እንደምታደርሰው፣ ማንም እንዳይቸገር አከለችበት።

«አንቺ አታደርሺውም» አለች ፀሐይነሽ። ወረቀቱን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ወሸቀችው።

ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ተነሣች። ዘመዶቿ አጉረመረሙ፤ ገና ሰው እየመጣ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት የት ትሄዳለች አሉ። ወደ ደሴ የሚወስዳት ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ መጣ፤ እሷም አግማስ በየሳምንቱ ይህን ጠመዝማዛ ብቻውን ሲወጣ ምን ያስብ እንደነበር ለመገመት ሞከረች። አልሆነላትም። ደሴ ስትወርድ መዝገብ ክፍሉ የት እንደሆነ እንደማታውቅ ትዝ አላት። ለትህትና ደወለች፤ ትህትና ለፊርደውስ ደወለች። ፊርደውስ መጥታ ከፊት ከፊት እየሄደች መራቻት።

መዝገብ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ወጣት ፖሊስ ግልባጩን አገላብጣ አየችና፣ ባለጉዳዩ ለምን ራሳቸው አልመጡም ብላ ጠየቀች። ፊርደውስ ልትመልስ ስትል ፀሐይነሽ ቀደመቻት።

«ዐርፏል። ባለቤቱ ነኝ።»

ፖሊሷ ነፍስ ይማር ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ቆየች። ስትመለስ ጠርዙ የተበላ ወፍራም ካርድ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትእዛዙን ልትጽፍበት እስክርቢቶ መፈለግ ጀመረች። ካርዱ ላይ አሥር የጣት አሻራዎች አሉ። ከላይ በግራ በኩል ፎቶ ተለጥፏል።

ፀሐይነሽ የሃያ ሦስት ዓመቱን አግማስን ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም። ጸጉሩ ጎፍሯል፤ አንገቱ ቀጭን ነው። ካሜራውን ፈርቶታል፤ ፈርቶም ግን አገጩን ቀና አድርጎ ቆሟል። ያገባችው ጊዜ ሠላሳውን አልፎ ነበር፤ አገጩንም እንዲህ ቀና አያደርግም።

«አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለች ወደ ፊርደውስ ሳትዞር።

«ኧረ አላየሁም፣ እትዬ። እሳቸውም አላዩትም፤ ፖሊሶቹ ካርዱን አውጥተው አያሳዩንም ነበር።»

ከሠልስቱ ጀምሮ ሲያንገበግባት የነበረው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ላላ አለላት። ፊርደውስ ለማየት በትከሻዋ በኩል ጎንበስ ስትል፣ ፀሐይነሽ መዳፏን ፎቶው ላይ አሳረፈች። ፊርደውስ እጇን አየች። ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተመለሰችና ወደ በረንዳው ወጣች።

ፖሊሷ እስክርቢቶ አግኝታ ቆማ ትጠብቃለች። «እማማ፣ ካርዱን ልጻፍበት» አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

«አንድ ጊዜ፣ ልጄ።»

እጇን አነሣች። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለችና፣ ከግንባሩ ጀምራ እስከ አገጩ፣ ፊቱ ላይ የተኛውን አቧራ ጠረገችለት።